የሁዳዴ ጾምና የታዳጊ ሯጮች ምግብ፦ ስንት ይብሉ? መቼስ ይብሉ?

ሰዓት ያዥ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታዳጊ ሯጮችን ለምታሠለጥኑ፣ ለሥነ ምግብና ለሕክምና ባለሙያዎች ጥያቄ አለኝ።

ልጆቹ 11 ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17፣ ርቀታቸው ከ1,500 እስከ 5,000 ሜትር። ቦታው 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ አለው። ልምምዱ በሳምንት 6 ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። ትንንሾቹ በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር፣ ትልልቆቹ እስከ 80 ይሮጣሉ። ከዚያ ትምህርት ቤት፤ አብዛኞቹ በእግር፣ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል። ዘንድሮ፣ በ2018፣ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ስለገቡ ከሁለት ልጆች በቀር ሁሉም ጾመኛ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያለው ሁኔታ ይህ ነው፦ 5 ጊዜ 1,000 ሜትር ሲሠሩ ከጥር ወር አንጻር እያንዳንዱ ከ10 እስከ 12 ሰከንድ ዘግይቷል። ኢዚ (ቀላል ሩጫ) ቀን ላይ እንኳ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ሁለት ልጆች ቅልጥማቸውን ያማቸዋል። አንዲት የ15 ዓመት፣ 46 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ደግሞ ከታኅሣሥ ወዲህ የወር አበባዋ አልመጣም፤ እናቷ ናቸው የነገሩኝ።

የዚችን ልጅ ምግብ ለሦስት ቀን አስመዝግቤአለሁ፦ 9 ሰዓት ላይ 1 እንጀራ በሽሮ፣ 11 ሰዓት ላይ ሻይ በቁራሽ ዳቦ፣ ማታ 2 ሰዓት 1 እንጀራ በምስር ወጥ። ወጡ ቀጠን ያለ ነው፣ ዘይቱም ጥቂት።

ወላጆች የሚጠይቁኝ «የቪታሚን መርፌ ይወጉ? ፕሮቲን ዱቄት እንግዛ?» ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው ስንት ቢበሉ እንደሚበቃቸውና ጾሙን ሳይለቁ እንዴት እንደሚደርሱበት ነው። «ጾም ፍቱ» የሚል መልስ ከሆነ ማንም ቤት አይገባም።

---

ምጥን ሽሮ

ኮች፣ አስመዝግበው መምጣትዎ ግማሹን ሥራ አቅልሎታል። በልጅቷ ቁጥር እንሂድ።

ከ46 ኪሎው ስቡ 8 ኪሎ ያህል ነው ብንል፣ ከስብ ውጭ ያለው ሰውነቷ 38 ኪሎ ይሆናል። ልብ፣ አንጎል፣ አጥንት ግንባታ፣ የወር አበባ ሥርዓት፣ ዕድገት፣ ሙቀት መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ ከስብ ውጭ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ በቀን 45 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። 38 በ45 ሲባዛ 1,710። ይህ ገና አንድ እርምጃ ሳትሮጥ ነው።

ሩጫ፦ ለአንድ ኪሎ ክብደት፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር፣ 1 ካሎሪ ያህል ያስወጣል። ልጆች አሯሯጣቸው ገና ጉልበት ስለማይቆጥብ ከአዋቂ ትንሽ ይበልጥባቸዋል። በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በቀን 8 ተኩል ነው፤ በ46 ኪሎ ወደ 400 ካሎሪ። የትምህርት ቤቱ መንገድ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሩጫውን ግማሽ ያህል ስለሚፈጅ 180 ይጨመር። ድምሩ 2,300 ይጠጋል። ውሃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትሸከም ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

አሁን የምትበላው፦ አንድ እንጀራ በሚዛን 330 ግራም ቢሆን (እንደ ምጣዱ ይለያያል) 500 ካሎሪ አካባቢ ነው። ቀጭን ወጥ 200 ይጨምራል። ሁለቱ ማዕድ 1,400፣ ሻይና ዳቦው 200፤ በጠቅላላ 1,600። ከዚህ ላይ ለሩጫውና ለመንገዱ 580 ሲቀነስ ለሰውነቷ የሚተርፈው 1,020 ብቻ ነው። ለ38 ሲካፈል 27።

ይህ ቁጥር ከ30 በታች ሲወርድ አንጎል የወር አበባን የሚያዙትን ሆርሞኖች መቀነስ ይጀምራል፤ በአዋቂ ሴቶች ላይ ሲለካ ለውጡ በ5 ቀን ውስጥ ታይቷል። የወር አበባ ካዩ ገና ጥቂት ዓመት የሆናቸው ልጆች ደግሞ ከአዋቂዎቹ ይልቅ ለጉድለቱ ስሱ ናቸው። ስለዚህ 31 ወይም 32 ላይ ያለች ልጅ ተርፋለች አይባልም። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ለዚህ ጉድለት ሬድ-ኤስ የሚል ስም አውጥቶለት፣ በ2018 እና በ2023 መመሪያውን አድሷል። ወንዶችንም ይመለከታል፤ እነሱ ላይ ግን እንደ ወር አበባ ያለ ግልጽ ምልክት ስለሌለ ሳይታወቅ ይቆያል።

ለትልልቆቹ ወንዶች፦ 55 ኪሎ፣ በሳምንት 80 ኪሎ ሜትር፣ ያው የትምህርት ቤት መንገድ፣ 3,000 ካሎሪ አካባቢ።

አሁን አንድ የሚያታልል ነገር። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ልጅቷ «ጠገብኩ» ስትል እውነቷን ነው፤ ሆዷ ሞልቷል፣ ካሎሪው ግን አልሞላም። ሦስት እንጀራ ጨምሪ ማለት የማይሆነው ለዚህ ነው። የሚጨመረው ጠቅጠቅ ያለ ነገር ነው፦ ዘይት፣ ለውዝ፣ በሶ፣ ቆሎ። ምሳሌ ይኸውና፦

ሁለት እንጀራ ተኩል፦ 1,250 ካሎሪ።
ወፈር ያለ ሽሮ፣ 60 ግራም ዱቄት በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፦ 345።
ወፈር ያለ ምስር ወጥ፣ 60 ግራም ደረቅ ምስር በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፦ 340።
አንድ እፍኝ (50 ግራም) ቆሎ፣ ሲሶው ለውዝ፦ 220።
አንድ ጠርሙስ በሶ፣ 60 ግራም በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፦ 260።

ድምሩ 2,400 ይጠጋል። ሁሉም የጾም ነው፤ ከገበያ የሚጨመረው ለውዝና ዘይት ብቻ ነው።

ስለ ፕሮቲን ዱቄቱ፦ የዚች ልጅ ፍላጎት ለኪሎ 1 ተኩል ግራም ብንል በቀን 69 ግራም ነው። ከላይ ያለው ምግብ 75 ይሰጣታል። ጤፍ የሚጎድለውን ላይሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሽሮና ምስር ይሞሉታል። የዱቄቱን ገንዘብ ለውዝ ይግዙበት።

---

አስፋልት

ይቅርታ ግን የዓለም ሻምፒዮኖቻችን ካሎሪ ቆጥረው ነው የሮጡት? በሽሮና በቆሎ ነው ያደጉት፣ ጾመውም ሮጠዋል። ደግሞ ሯጭ ካልቀለለ ሰዓት አይወርድም። 46 ኪሎ ለ1,500 ብዙ ነው።

---

ነጭ ጋዋን

አስፋልት፣ ወንድሜ፣ ሽሮና ቆሎ የበቃቸውን እናያቸዋለን። በ16 ዓመቷ ቅልጥሟ ተሰንጥቆ የቀረችውን ማን ይቆጥራታል? ስለ ክብደቱም፦ ከቀለለች መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰከንድ ልታወርድ ትችላለች፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከወራት በኋላ ጡንቻውም አጥንቱም ደሙም ይከተላል። እያደገች ያለች የ15 ዓመት ልጅ ክብደቷ ባለበት ከቆመ ራሱ እንደ መቀነስ ነው። ልጆችን በጓደኞቻቸው ፊት ሚዛን ላይ ማቆምም ይቅር፤ ከዚያ በኋላ ምግብ የሚደብቅ ልጅ ነው የሚኖራችሁ።

ኮች፣ ወደ ልጅቷ። የወር አበባዋ የቀረው ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው ብለዋል፤ ሁዳዴ የገባው የካቲት 9 ነው። ስለዚህ ጉድለቱ የጀመረው ከሁዳዴ በፊት ነው፤ ምናልባት በጾመ ነቢያት፣ ምናልባትም ኪሎ ሜትሩ ሲጨመር። ሁዳዴ ላዩ ላይ ነው የመጣው። ጾሙ ሲፈታ ሁሉም ይስተካከላል ብለው አይጠብቁ።

ሦስት ወር የወር አበባ ከቀረ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቶ ጭራሽ ካልታየ፣ ሐኪም ጋ መሄድ ግዴታ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ያዛል፤ ማንንም ተጠራጥሮ ሳይሆን ለሁሉም የሚደረግ ሥርዓት ነው፣ እናትየው ቀድመው ይወቁት። ከዚያ የታይሮይድና ሌሎች ሆርሞኖች ይታያሉ። ወንድ አሠልጣኝ ይህን በየወሩ መጠየቅ ስለሚከብደው ሴት ረዳት ወይም አንዲት እናት ይመደቡ፤ ልጆቹ በልምምድ ደብተራቸው ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ ብቻ ያድርጉ። ነጥቡ ሲጠፋ ይታወቃል፣ ማንም አያፍርም።

ቅልጥማቸውን የሚያማቸው ሁለቱን ዛሬውኑ ይዩአቸው። በአንድ ጣት አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ይጫኑ። ሕመሙ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ እንደ ስንዝር ተዘርግቶ የሚሰማ ከሆነና ሲያሟሙቁ የሚቀልል ከሆነ ጫና መቀነስ ሊበቃ ይችላል። ግን አንዲት ነጥብ ላይ ሲነካ «እህ!» የሚያሰኝ፣ በአንድ እግር ሲዘል የሚወጋ፣ ሌሊት ተኝቶም የሚጠዘጥዝ ከሆነ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሯል ብለው ይያዙት፤ ሩጫ በዚያው ቀን ይቆማል። ኤክስሬይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ንጹሕ ሆኖ ሊታይ ይችላል። «ፎቶው ምንም የለውም» ተብሎ የተመለሰ ልጅ ነው ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚሰበረው።

አጥንቱን የማነሣው በምክንያት ነው። አንድ ሰው በአዋቂነቱ ከሚይዘው የአጥንት ማዕድን ሩብ ያህሉ የሚገነባው ቁመት በፍጥነት በሚጨምርባቸው ሁለት ዓመታት ዙሪያ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ወተት በባልዲ ቢጠጡ አይመለስም። የካልሲየም ፍላጎታቸው በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ነው፣ ከአዋቂ ይበልጣል። ጤፍ ጥሩ ካልሲየም አለው ቢባልም የምትበላው እንጀራ የዚህን ግማሽ እንኳ አያደርስም። በጾም ጊዜ የሚረዳው ጎመን ነው፤ ካልሲየሙን አካል በደንብ ይስበዋል። ሰሊጥ ከነገለባው ሲቆጠር ብዙ ካልሲየም አለው፤ ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ስለሚይዘው ግን የሚገባው ጥቂቱ ነው፣ ሁሉን በሰሊጥ አይተማመኑ። በፍስክ ቀን ሁለት ብርጭቆ ወተት 600 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል፤ ረቡዕና ዓርብ የማይጠጣውን በሌሎቹ ቀናት ማካካስ ነው።

ስለ ብረትና መርፌው ለብቻ እመለሳለሁ፤ ረዝሞብኛል።

---

ሰዓት ያዥ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንደኛውን ልጅ ጣቴን አንድ ቦታ ላይ ሳሳርፍ እግሩን ነጠቀኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ አቁሟል፣ ነገ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ምጥን ሽሮ፣ 2,400ው ገባኝ። ግን ከ9 ሰዓት በፊት ውሃም አይቀመስም። ያን ሁሉ ምግብ በስንት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱታል? ልምምዱስ?

---

ሁለተኛ ዙር

ወንድሜ፣ ከምግቡ በፊት የልምምድ ሰዓትህን አንሣው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሮጦ፣ 8 ኪሎ ሜትር ተራምዶ፣ እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ከሁሉም የከፋው አቀማመጥ ነው። ሰውነት ከሩጫ በኋላ ምግብ ለመቀበል በጣም ዝግጁ የሚሆንባቸውን ሰዓታት በባዶ ያሳልፋል። አንድ ልጅ በአንድ ሰዓት ሩጫ ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ በላብ ሊያጣ ይችላል። ከሩጫ በፊትና በኋላ ለየብቻ መዝነው፤ የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ለ8 ሰዓት ሳይተካ ይቆያል ማለት ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ሩጫውን ወደ ማታ አውርደው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች 9 ሰዓት ላይ በሶ ይጠጡ፣ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይሩጡ፣ 12 ሰዓት ላይ ዋናውን ምግብ ይብሉ፣ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛውን። የከሰዓት ፈረቃ ያሉት በሶውን በጠርሙስ ይዘው ሄደው በዕረፍት ሰዓት ይጠጡ፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አጠር ያለ ሩጫ፣ ከመጨለሙ በፊት ማለቅ አለበት።

ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ብዙ አሠልጣኝ የሚረሳው ዕድል ነው። በሁዳዴ ቅዳሜና እሑድ ከፍስክ ምግብ ይከለከላል እንጂ በአብዛኛው እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም (ቀዳም ሥዑር ሌላ ነው)። ስለዚህ ስፒድህን (የፍጥነት ልምምዱን) ቅዳሜ ጠዋት አድርገው፤ ከሩጫው አንድ ሰዓት በፊት ሙዝና ሻይ፣ እንደጨረሱ ቂንጬ ወይም ፍርፍር። ረጅሙን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። የሳምንቱን መካከል ሙሉ በሙሉ ኢዚ አድርገህ ከጠቅላላው ኪሎ ሜትር ሩቡን ቀንስ። በ55 ቀን ሰዓት ለማሻሻል አትሞክር፤ ያላቸውን ይዘው ትንሣኤ ይድረሱ።

ሙስሊም ልጆችህ በአንድ በኩል ይሻላቸዋል፤ ሱሁር አላቸው። ሱሁር ላይ ሻይና ቴምር ብቻ በልቶ መተኛት ነው ስሕተቱ። ገንፎ ወይም እንጀራ በወጥ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ። ለእነሱ ወተትና እንቁላል ክልክል ስላልሆነ የካልሲየሙ ነገር ይቀልላቸዋል። ሩጫቸው ከኢፍጧር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት፣ ኢዚ ብቻ፤ ጨርሰው ወዲያው ያፈጥራሉ። ጠንካራውን ካፈጠሩ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ መብራት ያለበት ቦታ ካለህ።

የጾሙን ሰዓት ማቅለል የሚፈልግ ልጅ ካለ ያ ያንተ ውሳኔ አይደለም። ብዙ ወጣቶች እስከ 6 ሰዓት ብቻ እንዲጾሙ ንስሐ አባታቸው ይፈቅዱላቸዋል። የልጅቷ እናት የሐኪሙን ወረቀት ይዘው ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ። ታማሚ እንደሆነች ካወቁ የሚሉትን እሳቸው ያውቃሉ።

ሌላ ነገር፦ በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ቁመታቸውን ግድግዳ ላይ ለካ። ጠዋት መሆን አለበት፤ ማታ ሰው እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ያጥራል፣ ቁጥርህ ይበላሻል። በ3 ወር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የጨመረ ልጅ በፈጣን ዕድገቱ ላይ ነው። የእሱን ስፒድ ቀንስ፣ ምግቡን ጨምር። ቁመቱ ቀጥ ብሎ ክብደቱ የሚወርድ ከሆነ ወደ ነጭ ጋዋን ላከው።

---

ምጥን ሽሮ

ሁለተኛ ዙር ባወጣው ሰዓት እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከ9 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አራት ጊዜ መብላት ይቻላል፣ ሁለት ጊዜ ግን አይበቃም። 9 ሰዓት በሶ፣ 12 ሰዓት እንጀራ፣ 2 ሰዓት ላይ ቆሎ፣ 3 ሰዓት ተኩል እንጀራ። ሆዱ ባዶ የዋለ ልጅ 9 ሰዓት ላይ ሁለት እንጀራ በአንዴ ቢያስገባ ሩጫው ላይ ይከብደዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል። መጀመሪያ የሚጠጣ ነገር ነው የሚሻለው።

ቅድም ያልኩትን በሶ በዝርዝር። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ 350 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። አራት ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ቆንጠር ጨው። ከሩጫ በፊት ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ካነሰ በሶውን ወደ ሁለት ማንኪያ አውርደው ሙዝ ይጨምሩ፤ የገብሱ አሰር ከሆድ ቶሎ አይወጣም።

አቅም ለሚያንሰው ቤት፦ ለውዙ ከተወደደ የሽምብራ ወይም የባቄላ ንፍሮ ይተካል፣ ካሎሪው ግን በግራም ከለውዝ ብዙ ያንሳል፤ ስለዚህ አንዱን እፍኝ ሦስት ያድርጉት። ዘይት በማንኪያ ሲቆጠር ርካሽ ካሎሪ ነው። ወጡ ሲወጣ ለልጁ ድርሻ ብቻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ላዩ ላይ ማፍሰስ 120 ካሎሪ ያህል ነው፣ ሌላው ቤተሰብ ላይ ምንም ሳይጨምር። የሱፍ ፍትፍትና የተልባ ፍትፍትም እንዲሁ፣ ሁለቱም ዘይታም ናቸው።

---

ነጭ ጋዋን

አሁን ብረቱ።

«ጤፍ ብረት ስላለው ደም ማነስ አይነካንም» የሚባለውን እርሱት። ጤፍ ሲወቃ በበሬ እግር ሥር፣ መሬት ላይ ነው። በላብራቶሪ ከሚነበበው ብረት ብዙው የአውድማ አፈር ነው፤ ያን አካል አይወስደውም። የእህሉን የራሱን ብረት ደግሞ በእህሉ ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ነገር ይይዘዋል። እዚህ ላይ እርሾው ይረዳል፦ ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ቸኩለው በአንድ ሌሊት የሚጋግሩት እንጀራ ይህን ጥቅም ያጣል። ከምግቡ ጋር ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ወይም ጥሬ ቃሪያ ቢኖር የሚገባው ብረት ይጨምራል። ሻይና ቡና ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። የልጅቷ 11 ሰዓት ሻይ ራሱ ችግር የለውም፤ ከሽሮው ጋር ከሆነ ግን ብረቱን ይዞት ይሄዳል። የወር አበባ የሚያዩ ልጆች ፍላጎት በቀን 15 ሚሊ ግራም፣ የወንዶቹ 11 ነው።

ምርመራ፦ ሄሞግሎቢን ብቻ አይበቃም። ፌሪቲን (አካል ያከማቸውን ብረት የሚያሳየው) ይጨመር፣ ከተቻለ ሲአርፒም (የኢንፌክሽን ምልክት የሚያሳየው)፤ ጉንፋን ወይም ኢንፌክሽን ካለ ፌሪቲኑ ያለአግባብ ከፍ ብሎ «መጋዘኑ ሙሉ ነው» ያሰኛል። ደሙ ከከባድ ልምምድ ማግሥት አይወሰድ፣ የዕረፍት ቀን ጠዋት ይሁን። ፌሪቲን በሊትር ከ15 ማይክሮ ግራም በታች ከሆነ መጋዘኑ ባዶ ነው፤ ለሯጭ ከ30 በታችም ዝም አይባልም። የሰገራ ምርመራም አብሮ ይደረግ፤ ትላትል ያለበትን ልጅ ብረት መመገብ ቀዳዳ ባለው እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

በ2,500 ሜትር ላይ የሄሞግሎቢን ልኬት እንዴት ይነበባል የሚለው አከራካሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለከፍታው በዴሲ ሊትር ከ1 ግራም በላይ ተቀንሶ እንዲስተካከል ይላል፤ ማለትም 12.5 ያላት ልጅ ደም ማነስ አለባት ይባላል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሄሞግሎቢናቸው እንደ ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ሰዎች እንደማይጨምር አሳይተዋል። ስለዚህ እዚህ ድንበር ላይ ያለችን ልጅ በአንድ ቁጥር ከመፍረድ ፌሪቲኑን አይቶ መወሰን እመርጣለሁ።

ኪኒን ከታዘዘ፦ ብረት በየቀኑ ሲወሰድ ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ከፍ ይልና የማግሥቱን ይዘጋበታል፤ አንድ ቀን እያለፉ መውሰድ በአንድ ኪኒን የተሻለ ይገባል፣ ሆድም ያነሰ ይረብሻል። ሩጫም ይህንኑ ሆርሞን ካበቃ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ ያስነሣዋል። ስለዚህ ማታ ከሮጡ በኋላ ከሚውጡት ይልቅ 9 ሰዓት ላይ፣ ከሩጫው በፊት፣ በሎሚ ውሃ ቢወስዱት ይመረጣል። ሳይመረመሩ ግን አይጀመርም።

የቪታሚን መርፌው፦ ቢ12 ከእንስሳት ምግብ ብቻ ነው የሚገኘው፣ እውነት ነው። ግን ጉበት ለረጅም ጊዜ ያከማቻል፤ በፍስክ ቀናት እንቁላልና ወተት የሚያገኝ ልጅ በ55 ቀን አይጨርሰውም። «ደከመው» ተብሎ ግሉኮስ የሚተከልበት ልማድ ደግሞ ሁለት አደጋ አለው። አንዱ መርፌው ራሱ። ሁለተኛው፣ በዓለም ፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ በሆስፒታል ሕክምና፣ በቀዶ ጥገና ወይም በምርመራ ካልሆነ የተከለከለ ነው፤ ፈሳሹ ግሉኮስ ብቻ ቢሆንም። አንድ ከረጢት ግማሽ ሊትር ነው። ልጁ ውድድር ላይ ከተመረመረ «አላውቅም ነበር» አያድነውም። የፕሮቲን ዱቄትም በመለያው ላይ ያልተጻፈ ነገር ሊኖረው ይችላል።

---

አስፋልት

የግሉኮሱን አላውቅም ነበር። እሺ። ግን አሁንም ምግብ ብቻ ነው ወይስ እንቅልፍስ?

---

ሁለተኛ ዙር

ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ይተኙ፣ የጠዋቱን ሩጫ ስላነሣንላቸው ይበቃቸዋል። ሌሊት ቅዳሴ የሚሄድ ልጅ በዚያ ቀን አይሮጥም።

---

ሰዓት ያዥ

ሰዓቱን ቀይሬአለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ 10 ሰዓት ተኩል። በሶው ላይ ትንሽ ችግር አለ፦ ልጆቹ ሞክረውት ታች ጓጉሎ ቀረ፣ ግማሹን ደፉት። አንዱ ደግሞ ሌሊት በጥብጦ ይዞ መጥቶ ኮምጥጦበታል።

---

ምጥን ሽሮ

የሚጓጉለው ዱቄቱ ቀድሞ ስለገባ ነው። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ የበሶው ግማሽ፣ ክዳኑን ዘግቶ 20 ጊዜ መነቅነቅ፣ ከዚያ ቀሪው ግማሽና ስኳሩ። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ለብ ካለ ገብሱ ይወፍርና ሙጫ ይሆናል። ጠርሙሱ ውስጥ አንድ የታጠበ ጠጠር ጣል ቢያደርጉበት ደግሞ የጓጎለውን ይሰባብረዋል፤ ሲጠጡ እንዳይውጡት ብቻ።

ሌሊት አይበጥበጥ፣ በቀን ሙቀት ከሦስትና አራት ሰዓት በላይ አይቆይም። ደረቁን በሶ ከስኳሩና ከጨው ጋር ቀላቅለው በላስቲክ ቋጥረው ይያዙ፣ ውሃውን በጠርሙስ ለብቻ፤ 9 ሰዓት ሲሞላ እዚያው ይበጥብጡት። የላስቲኩን አንድ ጥግ በጥርስ ቀደድ አድርገው ከጠርሙሱ አፍ ላይ ቢያንቆረቁሩት ጠብታ አይፈስም።